«ጠብቋል» ማለት ብቻ አይበቃም

ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

በየዓመቱ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ወላጆች ክብርና ስለ አገር ፍቅር ብዙ መልካም ጽሑፎች ይወጣሉ። እኔም እንደ ጓደኞቼ ስለ ታላቅ ነገር ብጽፍ ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ዘንድሮ ልቤን የያዘው ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብረት ነውና፣ አንባብያን እንዳይስቁብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ይህ ብረት ብሎን ነው፤ አብራው የምትኖረውም ዳዶ ናት። ልናገር የተነሣሁትም የጠበቀ ብሎን እንዳይላላ ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ይልቁንም የላላ እንደ ሆነ ማንም ሰው በዓይኑ አይቶ እንዲያውቅ ለምን ምልክት ሊደረግበት እንደሚያስፈልግ ነው።

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ ባለፈው ክረምት በራሴ ጥፋት የደረሰ ነው። አባቴ የሚኒባስ ታክሲ ነጂ ናቸው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ረዳት ሆኜ ሒሳብ እሰበስባለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የኋላው ጎማ ምስማር ወግቶት ተነፈሰና ወደ አንድ ጎሚስታ ወሰድነው። ተጠግኖ ሲመለስ ዳዶዎቹን የማጥበቁን ሥራ አባቴ ለእኔ ሰጡኝ። የመጀመሪያዎቹን በሚገባ አጠበቅሁ፤ መካከል ላይ ግን አንድ የማውቀው ልጅ ጠራኝና ስለ ኳስ ጥቂት ተጨዋወትን። ስመለስ የቱን እንዳጠበቅሁ፣ የቱን እንዳላጠበቅሁ አላስታወስሁም። ብመለከታቸው ሁሉም በቦታቸው አሉ፤ ሁሉም አንድ ይመስላሉ። በጣቴ ነካ ነካ አድርጌ ክሪኩን አወረድሁ።

«ጠብቋል?» አሉኝ አባቴ።

«ጠብቋል፣ አባባ» አልኋቸው።

በዚያን ቀን እንጦጦ ማርያም ተሳልመው የሚመለሱ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን መንገድ የምታውቁ ሁሉ እንደምትመሰክሩት ቁልቁለቱ ብርቱ፣ መታጠፊያውም ብዙ ነው። መኪናውን ሞልተን መውረድ እንደ ጀመርን ከኋላ የተቀመጡ አንዲት ነጠላ የተከናነቡ አሮጊት «ልጆቼ፣ ከበታቼ አንድ ነገር ያንኳኳል» አሉ። እኔም «እማማ፣ መንገዱ ነው» ብዬ መለስሁላቸው፤ ተሳፋሪዎቹም ሳቁ። ጥቂት ወረድ እንዳልን «ልጄ፣ መንገዱ ሲስተካከልም እኮ ያንኳኳል» አሉ። ያን ጊዜ አባቴ ጆሮአቸውን ሰጥተው አዳመጡና ጥግ ይዘው አቆሙ። ወርደን ብናይ ከኋላው ጎማ ዳዶዎች አንዷ ጠፍታለች፤ ሁለቱ በጣት ይዞራሉ።

አባቴ አልተቆጡኝም። ከሌላው ጎማ አንዲት ዳዶ ፈትተው በጎደለችው ተኩ፤ ሁሉንም አንድ በአንድ አጠበቁ፤ ተሳፋሪዎቹንም ይቅርታ ጠየቁ። ማታ ቤት ከገባን በኋላ ግን «ልጄ፣ አላየሁም ብትለኝ ኖሮ እኔ አይ ነበር» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ግን ያችን ቃል እስከ ዛሬ ድረስ አልረሳኋትም።

በማግሥቱ አባቴ ጎማዎቹን ሁሉ እንደ ገና አጥብቀው ከፈጸሙ በኋላ የታላቅ እኅቴን ቀይ የጥፍር ቀለም አንሥተው ከእያንዳንዷ ዳዶ ጀምሮ እስከ ቸርኬው የሚደርስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመሩ። ዳዶዋ ጥቂት እንኳ ብትዞር መስመሩ ይሰበራል፤ በዳዶዋ ላይ ያለው ቀለም ወደ አንድ ወገን፣ በቸርኬው ላይ ያለው ወደ ሌላ ወገን ይቀራል። ይህን ከማን እንደ ተማሩ ብጠይቃቸው ከአውሮፕላን ጥገና ሥራ ጡረታ የወጡ አንድ ጎረቤታችን እንዳሳዩአቸው ነገሩኝ። የሥራ ባልንጀሮቻቸው «መኪናህ ጥፍሯን ተቀባች፤ ሰርጉ መቼ ነው?» እያሉ ብዙ ቀን ሳቁባቸው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ታናሽ እኅቴ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት መኪናውን አንድ ጊዜ ትዞረውና «አባባ፣ መስመሩ ሁሉ ቀጥ ብሏል» ትላለች። የጎማ መፍቻ ለማንሣት እንኳ አቅም የሌላት ልጅ የመኪና ተቈጣጣሪ ሆነች። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሁሉ በዚህች ልጅ ሥራ ውስጥ ይገኛል።

የብሎን ክፋቱ የላላውና የጠበቀው ለዓይን አንድ መሆኑ ነው። በሽሮ ሜዳ ሸማኔ ቤት ክር ቢበጠስ ሸማኔው ወዲያው ያየዋል፤ ባያየውም ጨርቁ ራሱ ይናገርበታል። የብሎን መላላት ግን ራሱን አይገልጥም። ብሎኑን ለማወቅ መፍቻ የያዘ ሰው መጥቶ ሊሞክረው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ካልመጣ ሌላው ሁሉ በእምነት ይቀመጣል። ምልክት የተደረገበት ብሎን ግን ምሥጢሩን ለሁሉ ያወጣል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የተባለው ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «በደንብ ከጠበቀ ለምን ይላላል?» ብለው ይጠይቁኛል። ጥያቄው ተገቢ ስለ ሆነ ከፊዚክስ ትምህርታችን ጋር አያይዤ ባጭሩ ልመልስ። ዳዶ በኃይል ስትጠብቅ ብሎኑ ለዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ክራር የሚቃኝ ሰው ጅማቱን እንደሚወጥር ማለት ነው። የተለጠጠው ብሎን ተመልሶ ለማጠር ሲል የተያያዙትን ነገሮች አጥብቆ ይጨምቃቸዋል፤ ከዚህም መጨመቅ የሚመጣው ሰበቃ ዳዶዋን እንዳትዞር ይይዛታል። እንግዲህ ብሎንን የሚይዘው ጥርሱ ብቻ ሳይሆን ውጥረቱ ነው።

መኪና ሲንቀጠቀጥ ግን የተያያዙት ነገሮች ወደ ጎን ጥቂት በጥቂት ይንሸራተታሉ። በተንሸራተቱም ቍጥር ሰበቃው ይደክምና ዳዶዋ በመጣችበት መንገድ ትመለሳለች። ጌርሃርድ ዩንከር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1969 ባወጣው ጥናት ብሎንን ይበልጥ የሚያላላው ወደ ላይና ወደ ታች የሚስበው ኃይል ሳይሆን ይህ የጎን መንሸራተት መሆኑን አስረድቷል። የብሎን መያዣዎችን ለመፈተን በእርሱ ስም የሚጠራው ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በዚህ ፈተና ብዙ ሰው የሚተማመንባት ያች የተሰነጠቀች ሮንዴላ ብዙ የማትረዳ ሆና ተገኝታለች። ስለዚህ «ሮንዴላ አለው» ብሎ መተኛት አይገባም።

ሁለተኛም ምክንያት አለ። በጎማውና በማረፊያው መካከል ዝገት፣ ጭቃ ወይም ወፍራም ቀለም ካለ ሲጨመቅ ይረግባል፤ ያን ጊዜ ዳዶዋ ምንም ሳትዞር የብሎኑ ውጥረት ይቀንሳል። ስለዚህ ነው ጎማ ከመገጠሙ በፊት ማረፊያው መጠረግ ያለበት፤ ዳዶዎቹም በተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ሊጠብቁ የሚገባው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላም እንደ ገና እንዲፈተሹ የሚመከረው። ደግሞ «ይበልጥ ባጠብቀው ይበልጥ ይይዛል» ማለትም ስሕተት ነው። ከመጠን በላይ የተወጠረ ክራር ጅማቱ እንደሚበጠስ ሁሉ ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎንም ይለጠጥና ኃይሉን ያጣል፤ ወይም ይሰበራል። ይህን ለመከላከል የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ መፍቻ ተሠርቷል።

ብሎን ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያደርጉ ብዙ ዘዴዎች አሉ። ሁለት ዳዶዎችን አንዷን በሌላዋ ላይ ማጥበቅ፣ በብሎኑና በዳዶዋ ቀዳዳ ባለ ሁለት እግር ሽቦ አሳልፎ እግሮቹን ማጠፍ፣ በውስጧ የናይሎን ቀለበት ያላትን ዳዶ መጠቀም ከእነዚህ ጥቂቶቹ ናቸው። ቨርነን ክሪብል የተባሉ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ መምህር በ1953 በአውሮፓውያን አቈጣጠር የሠሩት ሎክታይት የተባለው ፈሳሽ ማጣበቂያም አለ፤ ይህ ፈሳሽ በጥርሶቹ መካከል አየር ሲያጣ ይጠነክራል። እነዚህ ሁሉ መያዣዎች ናቸው። የቀለም ምልክት ግን መያዣ አይደለም፤ ምስክር ነው። ሁለቱን ማምታታት አይገባም። በቀለም የተሰመረ ልል ብሎን ያው ልል ብሎን ነው፤ ምልክቱም የሚደረገው በመጨረሻ፣ በትክክል ከጠበቀ በኋላ ብቻ ነው። ደግሞም ዳዶዋ ሳትዞር ውጥረቱ ቢቀንስ መስመሩ ይህን አይናገርም፤ ስለዚህ በየጊዜው በመፍቻ መፈተሹ አይቀርም።

አሁን «ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለእኛ አገር አይሆንም፤ እኛ እንዲህ ያለ ልማድ የለንም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ይህን አልቀበልም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን ጕዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከጉለሌ ብዙ በማይርቀው በቦሌ የእኛው አገር ልጆች ተምረው የታላላቅ አውሮፕላኖችን ሞተር ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ሠራተኛው በሠራው ላይ ይፈርማል፤ በብርቱ ሥራዎች ላይ ደግሞ ሌላ ሰው መጥቶ ያየዋል። አያሌ ብሎኖች በሽቦ ይታሰራሉ፤ በብዙዎቹም ላይ የቀለም መስመር ይደረጋል። እንግዲህ ልማዱ በአገራችን አለ፤ የጎደለን ከቦሌ እስከ ጉለሌ ማምጣቱ ነው።

ነገሩን ሳስብ ሌላም ነገር ታየኝ። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ቸርኬ፣ ጎማ፣ ጎሚስታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ካስመጡ ወዲህም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ዕቃውን ተቀበልን፤ ስሙንም ተቀበልን። ነገር ግን ከዕቃው ጋር አብሮ ሊመጣ የሚገባው ተመልሶ የማየት ልማድ በየመንደራችን ገና አልገባም። ሥልጣኔ ዕቃ መግዛት ብቻ አይደለም፤ የገዙትን ዕቃ ሕጉን አውቆ መያዝም ነው።

ይህን ስል ግን ፈረንጅ አይሳሳትም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም የሰለጠኑ የሚባሉት አገሮች በዚህች ትንሽ ብረት ምክንያት ብዙ አልቅሰዋል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2002 ሜይ 10 ቀን ከለንደን በስተ ሰሜን ባለችው በፖተርስ ባር ጣቢያ አንድ ባቡር ከሐዲዱ ወጥቶ 7 ሰዎች ሞቱ። ከእነርሱ አንዷ በባቡሩ ውስጥ እንኳ አልነበሩም፤ በድልድዩ ሥር በእግራቸው ሲያልፉ ከላይ የወደቀ ፍርስራሽ መታቸው። ሲመረመር የሐዲዱን መለያያ የሚይዙ ዳዶዎች ላልተው ተገኙ። ይልቁንም የሚያሳዝነው ከአደጋው በፊት በነበረው ምሽት አንድ የባቡር ሠራተኛ በዚያ ሲያልፍ መንቀጥቀጡ እንዳስፈራው ተናግሮ ነበር፤ ሊያዩ የተላኩት ሰዎች ግን ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ተመለሱ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «ልጆቼ፣ ከበታቼ አንድ ነገር ያንኳኳል» ያሉት አሮጊት ትዝ አሉኝ። የእኛ መኪና የቆመው አባቴ ስለ ሰሟቸው ነው።

በ2024 ጃንዋሪ 5 ቀን ደግሞ ከአሜሪካ ፖርትላንድ ከተማ 177 ሰዎች ይዞ የተነሣ የአላስካ አየር መንገድ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ የጎኑ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። በእግዚአብሔር ቸርነት የሞተ ሰው የለም። መርማሪዎቹ እንዳረጋገጡት መዝጊያውን የሚይዙት 4 ብሎኖች በፋብሪካው ለሌላ ጥገና ተፈትተው ሳይመለሱ ቀርተዋል፤ መፈታታቸውም በመዝገብ አልተጻፈም። ያልተጻፈውን ማንም አላወቀም፤ ያላወቀውንም ማንም አልጠየቀም። ይህ አሠራር እኔ በጎሚስታው ዘንድ ካደረግሁት በምን ይለያል? እኔም መካከል ላይ ትቼ ሄድሁ፤ የተውሁበትን ቦታ ምልክት አላደረግሁበትም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤታችን እንመለስ። የምንቀመጥባቸው ወንበሮች፣ ጥቁር ሰሌዳው፣ የውሃው ጋን የተቀመጠበት ብረት፣ የኳስ ግቡና የመረብ ኳስ ምሰሶው ሁሉ በብሎን የተያዙ ናቸው። ጓደኞቼ ሆይ! እውነቱን እንናገር፤ ትምህርት ሲሰለቸን ከወንበሩ ሥር ያለችውን ዳዶ በጣታችን የምናዞራት እኛው አይደለንምን? ከፈታናትም በኋላ ለጨዋታ ይዘናት እንሄዳለን፤ ወንበሩም ከጥቂት ቀን በኋላ ከአንዱ ታናሽ ወንድማችን በታች ይሰበራል። ከዚያ በኋላ «የትምህርት ቤቱ ዕቃ አይረባም» ብለን እናማለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። በየመንፈቀ ዓመቱ መጀመሪያ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ተማሪዎች ይመረጡ። ከአንድ መምህር ጋር ሆነው የክፍላቸውን ወንበሮችና የሜዳውን ዕቃዎች ይፈትሹ፤ የላላውን ያጥብቁ፤ የጎደለውን ይጻፉ፤ የጠበቀውንም በቀይ ቀለም ያስምሩ። ከዚያ በኋላ መስመሩ የተሰበረበትን ዕቃ ያየ ማንኛውም ተማሪ፣ የ9ኛ ክፍል አዲስ ተማሪም ቢሆን፣ ለመምህሩ ይናገር። የተናገረውም ልጅ እንደ ከሳሽ ሳይሆን እንደ ባለውለታ ይቈጠር። ወጪውን በተመለከተ አንዲት ትንሽ ጣሳ ቀለም ለብዙ ክፍሎች ትበቃለች።

አንድ ጓደኛዬ ይህን ሐሳብ ሰምቶ «ምልክት ማድረግ ሠራተኛውን አለማመን ነው፤ ያስቀይማል» አለኝ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በአገራችን ሰው ፊት «ሥራህን ልይ» ማለት እንደ ስድብ የሚቈጠርበት ጊዜ አለና። ነገር ግን ጸሐፊ በጻፈው ላይ ሲፈርም ተሰደበ አንልም። ሠራተኛው ራሱ የሚያሰምረው መስመርም ፊርማው ነው፤ «ይህን እኔ አጥብቄአለሁ፤ ኋላ ብታዩት አላፍርበትም» ማለት ነው። ደግሞም መስመሩ ሠራተኛውን ይጠብቀዋል፤ ትቶት የሄደውን ሌላ ሰው ቢነካው ይታወቃልና። ለእኔም ያን ቀን ይህ ልማድ ቢኖረኝ ኖሮ ከጨዋታዬ ስመለስ የቱ እንደ ጠበቀ በተረዳሁ፤ ለአባቴም የሐሰት ቃል ባልመለስሁ ነበር።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ልጆቻችሁን በታክሲ ስትልኩ የጎማውን ዳዶዎች አንድ ጊዜ በዓይናችሁ እዩአቸው፤ የጎደለች ካለች ነጂውን በትሕትና ጠይቁት፤ መልካም ነጂ አይቀየምም። በቤት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ሶኬት ተመልከቱ። ሽቦውን የሚይዙት ትናንሽ ብሎኖች በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ሊላሉ ይችላሉ፤ የላላ መገናኛም ይግላል፤ ግለቱም እስከ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል። ሶኬቱ ከጠቈረ፣ ከጋለ ወይም የመቃጠል ሽታ ካመጣ ምጣዱን ነቅላችሁ ባለሙያ ጥሩ፤ ይህን ልጅ እንዲነካካው አትፍቀዱ። «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው አባቶቻችን የተናገሩት በከንቱ አይደለም።

መምህሮቻችንንም የምለምነው አለ። ሰበቃንና ውጥረትን ስታስተምሩን ከሰሌዳው ሥዕል ጋር አንድ ብሎንና አንዲት ዳዶ በእጃችን ስጡን። በፈተና ላይ የሰበቃን ትርጕም አስተካክሎ ጽፎ ከክፍል ሲወጣ የወንበሩን ዳዶ የሚፈታ ተማሪ ትምህርቱ ገና አልገባውምና።

በመጨረሻ፣ እኒያን አሮጊት ስማቸውን አላውቅም፤ ከዚያ ቀን ወዲህም በታክሲያችን ውስጥ አላየኋቸውም። ምናልባት ከዚህ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የአንዱ አያት ይሆናሉ። እንዲህ ከሆነ ይህን መጽሔት የሚያነብላቸው ልጅ «መንገዱ ነው» ብሎ የመለሰልዎት ልጅ መንገዱ እንዳልነበረ አውቋል፤ ይቅርታም ይለምንዎታል ብሎ ይንገርልኝ። እኔም ለሐሳቤ ማስጀመሪያ እንዲሆን የመጀመሪያውን ጣሳ ቀለም ከራሴ ገንዘብ ገዝቼ በሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ ቀን ለማምጣት በመምህሮቼና በጓደኞቼ ፊት ቃል እገባለሁ።